ወስፌ ይዞ ወደ አሮጌው ተሳቢ ቤት

አገር ቤት መኪና ሲበላሽ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ማን ጋ ልውሰደው?» ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ በተለይ ከትልልቅ ከተሞች ወጣ ሲባል፣ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ምን መሣሪያ ያስፈልገኛል?» ብሎ ነው። ልዩነቱ የጉብዝና ሳይሆን የዋጋ ነው። እዚህ የባለሙያ የአንድ ሰዓት ሥራ በብዙ ቦታ ከ100 ዶላር ይበልጣል፤ መሣሪያና መለዋወጫ ግን ታዞ በጥቂት ቀናት ደጃፍ ላይ ይቀመጣል። እኛ አገር የእጅ ዋጋ አይከብድም፤ የሚከብደው ዕቃው ነው። ሶማሌ ተራ ዞረው ያጡት ዕቃ ተበይዶ፣ ተቀጥቅጦ፣ ካስፈለገም ከሌላ መኪና ተቆርጦ ይገጠማል። ያረጀ ቮልስ አዲስ አበባ ውስጥ እስካሁን የሚሄደው በዚህ ነው። እዚህ ባለቤቱ ቡሎኑን ራሱ ይፈታል፤ አሮጌውን ጥሎ አዲሱን ያስራል።

ሁለቱ አሠራሮች አንዱ ያለ ሌላው የማይበቃበት ሥራ ቢኖር የአሮጌ ተሳቢ ቤት እድሳት ነው። ተሳቢ ቤት የምንለው በመኪና ኋላ ተቀጥሎ የሚጎተተውን፣ አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለውን የመንገድ ቤት ነው። በየጓሮው ሣር ውጦት፣ ጎማው ተንፍሶ የቆመ ብዙ ነው። ከሁሉ የታወቀው ኤርስትሪም የሚባለው፣ ክብ ትከሻ ያለው ባለ አሉሙኒየም ነው። ዋሊ ባያም የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጀመረው ሲሆን፣ ከ1952 ጀምሮ ኦሃዮ ውስጥ ጃክሰን ሴንተር በምትባል ትንሽ ከተማ ይሠራል። ለእኛም ፈጽሞ ባዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 ባያም 41 ተሳቢ ቤቶች አስከትሎ ከኬፕታውን ወደ ካይሮ ሲጓዝ ኢትዮጵያን አቋርጧል፤ አጼ ኃይለ ሥላሴም ተጓዦቹን ተቀብለዋቸዋል።

የሻጭ ቃል ሁሌም አንድ ነው፤ «ጽዳት ብቻ ነው የሚቀረው» ይላል። ገዢ መመልከት ያለበት መጋረጃውንና ቁም ሳጥኑን ሳይሆን ወለሉን ነው። ለዚህ ደግሞ ከወስፌ የተሻለ መሣሪያ የለም። ምንጣፉን ከግድግዳው ጥግ ገለጥ አድርጎ፣ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ወለሉን መውጋት። ጤነኛ ኮምፔርሳቶ ወስፌውን አያስገባም፤ የበሰበሰው እንደ እንጀራ ይቀበለዋል። በሩ ሥር፣ ከመስኮቶቹ በታች፣ ሽንት ቤቱ ዙሪያ፣ ከሁሉም በላይ የኋላው ጥግ መወጋት አለበት። ቀጥሎ አንድ ሰው የኋላ ፓራውልቱ ላይ ቆሞ ሲወዛወዝ፣ ሌላው ጎንበስ ብሎ የአሉሙኒየሙን የታች ጠርዝ ይመልከት። ፓራውልቱ ወደ ታች ሲወርድ ቆርቆሮው አብሮ ካልወረደና ክፍተት ከታየ፣ ቤቱ ከሻንሲው (ከሥሩ ካለው የብረት አጽም) ተላቋል ማለት ነው። ይህ ሊጠገን ይችላል፤ ግን ዋጋው ሲነገር ታስቦ መሆን አለበት። የባለቤትነት ወረቀቱና ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር መመሳሰሉም ገንዘብ ከመቁጠር በፊት ይታያል።

የኋላው ጥግ ለምን ይበሰብሳል? አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። የአሉሙኒየሙ ቆዳ በሪቬት (ጫፉ ተመትቶ በሚጨፈለቅ አጭር ምስማር) ከጎድን አጥንቶቹ ጋር ተያይዟል፤ ጎድን አጥንቶቹ የወለሉን ጠርዝ ዙሪያውን በሚከበው የአሉሙኒየም ቦይ ላይ ይቆማሉ፤ ቦዩ ደግሞ ወለሉን አልፎ ከሻንሲው ጋር በቡሎን ይታሰራል። ወለሉ በቤቱና በሻንሲው መካከል ተጨምቆ የተቀመጠ ነው። ከመስኮት ወይም ከጣሪያ የገባ ውሃ በቆርቆሮው ውስጠኛ ፊት ቁልቁል ወርዶ ቦዩ ውስጥ ይጠራቀማል፤ የኮምፔርሳቶው የተቆረጠ ጠርዝም ይጠጣዋል። እንጨቱ ሲላሽቅ ቡሎኑ የሚይዘው ያጣል። ሰው ከውስጥ የሚያየው ትንሽ ጥቁረት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው አንድ ልማድ መነገር አለበት። ላሜራ ሲዝግ ስቱኮ መምታት፣ ጣሪያ ሲያፈስ ከላይ ሬንጅ ማፍሰስ። ገዢ እስኪመጣ ያደርሳል። እዚህ ያሉ ሰዎችም ከዚህ ነጻ አይደሉም፤ የእነሱ ስቱኮ ሲሊኮን ነው። አሮጌ ተሳቢ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ማየት ነው፤ በየመጋጠሚያው ሲሊኮን በሲሊኮን ላይ ተደራርቧል። ሲሊኮን ክፋቱ ካረጀ በኋላ ምንም ነገር፣ ራሱ ሲሊኮንም ጭምር፣ በላዩ አለመያዙ ነው። በፕላስቲክ መፋቂያና በነጭ ጋዝ ጨርሶ ካልተነሳ አዲሱ ማሸጊያ በአንድ ክረምት ይነሳል። ማሸጊያው መለጠጥም አለበት። ሰባት ሜትር የሚረዝም አሉሙኒየም በቀዝቃዛ ሌሊትና በፀሐይ መካከል 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት ሲያገኝ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ከሥሩ ያለው ብረት የሚረዝመው ከዚያ ግማሽ ያህሉን ነው። ይህ በየቀኑ ይደጋገማል። ስለዚህ ለመጋጠሚያ የሚሆነው ደርቆ የሚሰነጠቅ ሳይሆን ፖሊዩሪቴን የሚባለው ተለጣጭ ማሸጊያ ነው። የውስጡ ቆርቆሮ በወረደበት ጊዜ መጋጠሚያውና የሪቬቱ ጀርባ ሁሉ ከውስጥ ይቀባ።

የሚያፈስበትን ለማግኘት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የጓሮ ውሃ ማጠጫ ጎማ ነው፤ ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ፣ በየቦታው አሥር ደቂቃ እየተቆየ፣ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ በባትሪ እያየ። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም አርሶ ከየት እንደገባ አይታወቅም። ሁለተኛውና የተሻለው፣ መስኮቱንና ቀዳዳውን ሁሉ ዘግቶ ቅጠል መጥረጊያ ነፊውን በአንድ መስኮት በኩል ወደ ውስጥ ማስነፋት፣ ከዚያ ውጪውን በሳሙና ውሃ መርጨት ነው። አረፋ የሠራበት ሁሉ ቀዳዳ ነው። ያለ ጥርጥር የሚናገር ምርመራ ነው።

ማፍረስ ሲጀመር አይጥ አለ። የግድግዳው ጥጥ ውስጥ ዓመታት ኖራለች። ኩሱን ደረቁን መጥረግ ሐንታ ቫይረስ የሚባለውን ሳንባ የሚገድል በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ከመነካቱ በፊት አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ ማርጠብ፣ አምስት ደቂቃ ማቆየት፣ ጓንትና ጥሩ ማስክ አድርጎ በጨርቅ ማንሳት ነው። የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት፣ የድሮ የወለል ንጣፍ ውስጥ ደግሞ አስቤስቶስ የሚባለው ሳንባ የሚጎዳ ብናኝ ሊኖር ይችላል፤ ሳይመረመር በሸካራ ወረቀት አይፋቅ።

ወለሉ ሲቀየር የሚፈጸመው ትልቁ ስህተት በአንድ ቀን ሁሉን ማውጣት ነው። ቅርፊቱ ቅርጹን የሚይዘው ከወለሉ ጋር ታስሮ ነው፤ ሲፈታ ጎኖቹ ይከፈታሉ። ወይ ከግድግዳ ግድግዳ በእንጨት ተወጥሮ ይታሰር፣ ወይ በቁራጭ በቁራጭ ይሠራ። አዲሱ ኮምፔርሳቶ ከአሮጌው እኩል ውፍረት ሊኖረው ይገባል፤ ብዙ ጊዜ 16 ወይም 19 ሚሊ ሜትር ነው። ከመገጠሙ በፊት ጠርዙ ሁሉ በኢፖክሲ (ውሃ በማያስገባ ሙጫ) ሁለት ጊዜ ይቀባ። ምስጥ እንዳይበላው በመድኃኒት የተነከረ እንጨት ሲያዩ «ይህስ ይጠነክራል» ብለው የሚገዙ አሉ፤ መድኃኒቱ ውስጥ ያለው መዳብ አሉሙኒየሙን ይበላል። ብረትና አሉሙኒየም የሚነካኩበት ቦታም በመካከላቸው ወፍራም ፕላስቲክ ቴፕ ካልገባ እርጥበት ሲያገኝ አሉሙኒየሙ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ወለሉ በተነሳበት ጊዜ ሻንሲው በመዶሻ ይንኳኳ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ጤነኛ ነው፤ የታፈነ ድምፅ የሰጠው ቦታ ተቆርጦ ይበየድ።

የውጪው ሪቬት ግን ለእኛ ሰው የተሰጠ ሥራ ይመስለኛል። የውጪ ቆዳ የሚያያዘው 3.2 ሚሊ ሜትር በሆነ ድፍን ሪቬት ነው፤ በእጅ መቆንጠጫ የሚገባው ባዶ ሪቬት ውሃ በመሃሉ ያስገባል። አሮጌው ሲወጣ መሃሉ በነጥብ ይመታል፣ ጭንቅላቱ ብቻ በፑንታ ይበሳል፣ ተሰብሮ ይነሳል፣ ቀሪው በቀጭን ብረት ይገፋል። ፑንታው ከጭንቅላቱ አልፎ ቆርቆሮውን ካሰፋው ቀጣዩ መጠን፣ 4 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ ያስፈልጋል። አዲሱ በሁለት ሰው ይመታል፤ አንዱ ከውጭ በአየር መዶሻ፣ ሌላው ከውስጥ ጀርባውን በከባድ ብረት ደግፎ። ብረቱ ትንሽ ካዘነበለ ሪቬቱ ይጣመማል፤ መዶሻው ግማሽ ሰከንድ ከዘገየ ቆርቆሮው ይጎደጉዳል። ይህ ከመጽሐፍ አይለመድም። ረዳት ከባለሙያው አጠገብ ቆሞ በጆሮና በእጅ የሚወርሰው ነገር ነው። ላሜራ ሲቀጠቅጥ የኖረ ስንት ሰው እዚህ መጥቶ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃል! አንድ አሮጌ ኤርስትሪም ፊቱ ቢቆም ጥርሱ ያልወጣለት ባለቤት በአንድ ወር የማያስተካክለውን ጉድጓድ በአንድ ከሰዓት ያወጣዋል። ይህ እጅ ባክኖ ሲቀር ያሳዝናል።

አክስሉ (ጎማዎቹን የሚይዘው አግዳሚ ብረት) ላይ ግን የአገር ቤት ብልሃት አይሠራም። በኢትዮጵያ ያለፉት የ1959ኞቹ ባሌስትራ ያላቸው ነበሩ፤ ባሌስትራ ቢሰበር ማንም ጎበዝ ጋራዥ ቅጠሉን ቀይሮ ይመልሰዋል። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የተሠሩት ግን ባሌስትራ የላቸውም፤ በአክስሉ ቱቦ ውስጥ የታመቁ የጎማ ዘንጎች ናቸው የሚያነጥሩት። ይህ የቱቦው ውስጥ ጎማ በስልሳ ዓመት ድንጋይ ይሆናል። ምርመራው ቀላል ነው። ቤቱን ከሻንሲው ሥር በክሪክ ማንሳት ነው፤ ከአክስሉ ቱቦ ሥር አይነሳም። የሚሽከረከሩት ጎማዎች ሲንጠለጠሉ የያዛቸው ክንድ ወደ ታች ካላዘነበለ አክስሉ ሞቷል። አይበየድም፤ የብየዳው ሙቀት ራሱ የውስጡን ጎማ ያቃጥላል። በልኩ አዲስ ይታዘዛል፤ ለአምራቹ ከጎማ ማሰሪያ ፊት እስከ ማሰሪያ ፊት ያለው ርቀት፣ በሻንሲው ላይ ባሉት መያዣዎች መካከል ያለው ርቀት፣ የሚሸከመው ክብደትና የክንዱ መነሻ ዝንባሌ ይነገራል። ዝንባሌው ብዙ ጊዜ 22.5 ዲግሪ ነው። የሞተ አክስል ችላ ተብሎ ቤቱ ቢታደስ፣ መንገዱ ሁሉ ወደ ሪቬቶቹ ይመታል፤ ሥራው በአንድ ጉዞ ይፈታል።

ኤሌክትሪኩ ላይ አንድ ነገር ብቻ፣ ግን ሕይወት ነው። ግድግዳው አሉሙኒየም ነው። እዚህ አገር መኖሪያ ቤት ውስጥ ኒውትራሉ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ ሽቦ) እና የመሬት ሽቦው በዋናው ሳጥን ይገናኛሉ፤ ተሳቢው ሳጥን ውስጥ ግን መገናኘት የለባቸውም። አገር ቤት የመሬት ሽቦ የሌለው ሶኬት ስለለመድን ይህን ሽቦ ችላ የምንል ብዙ ነን። ሁለቱ ተገናኝተው አንድ ቦታ ሽቦ ቢላቀቅ፣ እርጥብ ሣር ላይ ቆሞ የበሩን እጀታ የሚነካ ልጅ 120 ቮልት ይይዘዋል። ከመሰካቱ በፊት በቴስተር በኒውትራልና በግድግዳው መካከል ግንኙነት አለመኖሩ ይረጋገጥ። የጋዙን መስመር ደግሞ በሳሙና ውሃ እንጂ በክብሪት አይፈትሹ፤ የድሮው ሬጉሌተር ይጣል፣ የጋዝና የጭስ ማስጠንቀቂያ ይገጠም።

የቤት ዕቃው ላይ ልማዳችን በሌላ በኩል ይፈትነናል። እኛ ዘንድ ጥሩ ዕቃ ከባድ ዕቃ ነው፤ ዋንዛ፣ እብነ በረድ፣ ወፍራም መስተዋት። ተሳቢ ቤት ይህን አይችልም። የመጀመሪያው ዕቃ ከስስ ኮምፔርሳቶ የተሠራው በስስት አይደለም። በተጨማሪ፣ መኪናው መንጠቆ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት፤ 2,000 ኪሎ ለሚመዝን ከ200 እስከ 300 ኪሎ። ከባድ ወጥ ቤት ከኋላ ከተሠራ ፊቱ ይቀላል፤ ያኔ አውራ ጎዳና ላይ እንደ ጅራት ይወዛወዛል፤ መኪናውንም ይዞ ይገለበጣል። የሚሠራው ሁሉ ሳይገጠም በፊት በሚዛን ይመዘን፣ በወረቀትም ይጻፍ።

ጎማው ጥርሱ ስላለ ብቻ አይታመን። ጎኑ ላይ ካሉት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አራቱ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. የ2019 23ኛ ሳምንት ነው። ቆሞ የከረመ ጎማ በፀሐይ ከጎኑ ይሞታልና ስድስት ዓመት ያለፈው ይቀየር። ጎማውን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ታጥቦ አዲስ ግራሶ ይግባበት፤ ኩሽኔታውን የሚይዘው ዳዶ ጎማው እየዞረ ጠበቅ ይደረግ፣ ከዚያ ላላ ተደርጎ በጣት ብቻ ተጠግቶ በኮፒሊያ (በመቆለፊያ ሽቦ) ይቆለፍ። አጥብቆ መተው ኩሽኔታውን ያቃጥላል።

የመጀመሪያው ጉዞ አጭር ይሁን፤ ቢቻል ዝናብ ባለበት ቀን። 80 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ የጎማ ዳዶዎቹ በልካቸው እንደገና ይጠበቁ። በየማቆሚያው ደግሞ በአገራችን መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ሲወርድ የሚያደርገውን ማድረግ ነው። ጎማዎቹን በዱላ መታ መታ፣ ከዚያ እጅን ወደ እያንዳንዱ ሞዞ (የጎማው እምብርት) ጠጋ አድርጎ ሙቀቱን ማወዳደር። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ፣ ፍሬኑ አልለቀቀም ወይም ኩሽኔታው ጠብቋል፤ ታምቡሩ ሳይፈታ ጉዞው አይቀጥልም።