በተኩላ ላይ በሐሰት አንመስክር

ጅማ ውስጥ ባጃጅ የሚሳፈር ሰው ተኩላ ሳያይ አይውልም። የኋላ መስታወት ላይ ተለጥፏል፣ የሾፌሩ ስልክ ላይ አለ፣ የልጆቹ የቴሌግራም ፕሮፋይልም እሱው ነው። በረዶ ላይ ብቻውን የቆመ ግራጫ ተኩላ፣ ከጀርባው ሙሉ ጨረቃ፣ ከሥሩ ደግሞ «ብቻዬን ነኝ፣ ግን አልሰበርም» ዓይነት ጽሑፍ። ቲክቶክ ስትከፍቱ «አልፋ ሁን»፣ ማለትም ሁሉን የሚገዛ የመንጋ አለቃ ሁን፣ እያለ የሚጮህ ሰውዬ ይመጣላችኋል።

ሌላም ተኩላ አለን። የስብከቱ ተኩላ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የበግ ለምድ ለብሶ የሚመጣው። እሱን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ስላደግን፣ አንድ ሰው አላምር ሲለን ወዲያው «ይሄ ተኩላ!» እንላለን። እንግዲህ አንዱ ወገን ተኩላን ጀግና አደረገው፣ ሌላው ቀማኛ አደረገው። እኔ እስከገባኝ ድረስ ሁለቱም እንስሳውን ቀርበው አላዩትም። ምሳሌ አይኑር አልልም፤ ሰው ያለ ምሳሌ አይኖርም። ግን በአንድ ፍጡር ስም እየማልን፣ በስሙም እየተራገምን፣ ምን በልቶ እንዴት እንደሚያድር አለማወቃችን ያሳዝነኛል።

ከጀግናው ልጀምር። «አልፋ» የሚባለው ወሬ የመጣው ግቢ ውስጥ ከታጎሩ ተኩላዎች ነው። ሩዶልፍ ሼንከል የተባለ ተመራማሪ ባዝል፣ ስዊዘርላንድ፣ በእንስሳት ማቆያ የነበሩ ተኩላዎችን አጥንቶ በ1947 ጻፈ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው)። ለበላይነት እንደሚፋለሙ አየ፣ ያየውን ጻፈ። ችግሩ የማይተዋወቁ ትልልቅ እንስሳት ጠባብ ቦታ ላይ ታጉረው ነበር፤ ሰውም እንደዚያ ቢታጎር ይፋለማል። አሜሪካዊው ዴቪድ ሜች ሐሳቡን ተቀብሎ በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ለዓለም አዳረሰው። በኋላ ግን ይኸው ሜች በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ኤልዝሚር ደሴት ላይ፣ የዱር ተኩላዎችን ለዓመታት ሲከታተል ሌላ ነገር አየ። በ1999 ባወጣው ጥናት የተፈጥሮ መንጋ ማለት ቤተሰብ ነው አለ። አባት፣ እናት፣ የዘንድሮ ቡችሎች፣ የአምናና የካቻምና ታላላቆቻቸው። «አለቃ» የምንለው አባትየው ነው። ማንንም ደብድቦ አልነገሠም። ወልዶ፣ አብልቶ፣ አሳድጎ ነው የተከበረው።

ብቸኛው ተኩላስ? እሱ እንኳ አለ። ከወላጆቹ ተለይቶ የወጣ ወጣት ነው። የሚዞረው አቻውን ፍለጋ፣ ጎጆ የሚወጣበትን ቦታ ፍለጋ ነው። በዚህ ጊዜ ነው ብዙውን ጊዜ የሚራበው፣ በሌላ መንጋ ተነክሶ የሚሞተው። ሲያላዝንም ለጨረቃ አይደለም። ወይ የራቁትን ወገኖቹን እየጠራ ነው፣ ወይ ለጎረቤት መንጋ «እዚህ ሰው አለ» እያለ ነው። ይህን የምለው ከዴዶ፣ ከሰቃ፣ ከጌራ መጥቶ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖረውን፣ ሲከፋው በሩን ዘግቶ የተኩላ ፎቶ የሚለጥፈውን ልጅ ስለማስብ ነው። ወንድሜ፣ ተኩላ ሲከፋው ድምፁን አሰምቶ ወገኖቹን ነው የሚጠራው። አንተም ደውል። እናትህ ጋ ደውል።

የሚገርመው ግን በረዶ ላይ የቆመውን የሰው አገር ተኩላ ስንለጥፍ የራሳችንን መርሳታችን ነው። ቀይ ቀበሮ፣ ስሙ ቀበሮ ቢሆንም፣ ተኩላ ነው። የቅርብ ዘመዱ የአውሮፓና የእስያ ግራጫ ተኩላ ነው፤ አያቶቹ የዛሬ 100 ሺህ ዓመት ገደማ ወደ ደጋዎቻችን የገቡ ናቸው ተብሎ ይታመናል። ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም ላይ የትም የለም። ለአቅመ መውለድ የደረሱት ተቆጥረው 500 አይሞሉም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው፤ የቀሩት በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በወሎ ደጋዎች ተበታትነዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ብርድ አይወርድም፣ ስለዚህ ጅማ ላይ አናየውም።

ባሌ ተራሮች ላይ፣ ሳነቴ አምባ፣ ሲያድን ላሳያችሁ። ጠዋት ነው፣ ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። ረጅም እግር፣ ቀጭን አፍ፣ ቀይ ጀርባ፣ ነጭ አንገት። ቀስ እያለ ይራመድና ይቆማል። ጆሮውን ወደ መሬት ያቀናል። ሆዱን መሬት አስነክቶ ይሳባል፣ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ዝም፣ ሌላ እርምጃ፣ እንደገና ዝም። ትልቁ ፍልፈል ሣር ሊለቅም ግማሽ አካሉን ከጉድጓዱ ያወጣል። ክብደቱ ወደ ኪሎ የሚጠጋ፣ ባሌ ላይ ብቻ የሚገኝ ፍጡር ነው። ተኩላው ይዘልላል። ከሳተው አፈሩን በሁለት እግሩ ይምሳል፣ አንዳንዴ ጅራቱ ብቻ ውጭ እስኪቀር። ባሌ ላይ በተደረገ ጥናት ከምግቡ ከመቶ 96ቱ አይጥና ፍልፈል ሆኖ ተገኝቷል። መንዝ ጓሳ ላይ ደግሞ ጭላዳዎች መሐል ገብቶ ያድናል። ግልገሎቻቸውን እምብዛም አይነካም፣ እነሱም አይሸሹትም፤ አይጥ መያዝም ከጭላዳዎቹ ጋር ሲሆን ይበልጥ ይቀናዋል። በ2024 የወጣ ጥናት ደግሞ የባሌ ቀይ ቀበሮዎች ችቦ የመሰሉትን ቀይና ቢጫ አበቦች እየላሱ የአበባ ማር እንደሚቀምሱ አሳይቷል። ሥጋ በሊታ አውሬ አፍንጫው ላይ የአበባ ብናኝ ይዞ ሲሄድ አስቡት!

ለብቻው ያድን እንጂ ለብቻው አይኖርም። ነገሬ እዚህ ላይ ነው። ማለዳና ማታ ቤተሰቡ ይሰበሰባል፣ እየተላላሰ ሰላም ይባባላል፣ ከዚያ አብሮ ድንበሩን ይዞራል። በዓመት የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ እመቤት ብቻ ናት። ቡችሎቹን ግን ሁሉም ይመግባል፤ የዋጠውን አምጥቶ አፋቸው ውስጥ ያስመልስላቸዋል። ያልወለደች እህት ወይም አክስት ጡት የምታጠባበትም ጊዜ አለ። እንግዲህ ተኩላ መንፈሳዊ ትርጉም ይኑረው ካልን፣ ይሄ አይበልጥም? ቀን ሁሉም በየፊናው ለእንጀራው ይወጣል፣ ማታ የአንዷ ልጅ የሁሉም ልጅ ነው። እኛም አገር ጎረቤት ልጅ እንዲህ ነበር የሚያሳድገው።

ወደ ቀማኛው ልሂድ። ጅማ ላይ ብዙዎቻችን ሱረቱ ዩሱፍን እናውቃለን። ያዕቆብ (ዐ.ሰ) ልጁን ለወንድሞቹ ሲሰጥ «ተኩላ ይበላዋል ብዬ እፈራለሁ» ይላቸዋል። እነሱም ፍርሃቱን ሰምተው ያዙት። ዩሱፍን ጉድጓድ ውስጥ ጣሉትና፣ ቀሚሱን የሐሰት ደም ቀብተው እያለቀሱ መጡ፤ «ተኩላ በላው» አሉ። ተኩላው ግን እዚያ አልነበረም። ወንጀሉ የወንድማማቾች ነበር። አባትየው አላመናቸውም። ኦሪት ዘፍጥረት 37 ላይም ታሪኩ አለ፣ እዚያ ቀሚሱ የተነከረው በፍየል ደም ነው፣ የተወነጀለውም «ክፉ አውሬ» ነው። በሁለቱም መጻሕፍት አውሬው ንጹሕ ነው። ይህን ታሪክ ስንቴ ሰምተን የተኩላውን ነጻ መውጣት ሳናስተውል አለፍን? እኔ በበኩሌ መጻሕፍቱ ስለ ተኩላ ከተናገሩት ሁሉ ትልቁ ይሄ ይመስለኛል። ሰው ክፋቱን የሚያሸክመው መናገር ለማይችል ነው።

ይህ ልማድ ደግሞ አውሬው ላይ አይቆምም። አውሮፓ ውስጥ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን «ሌሊት ተኩላ ይሆናሉ» ተብለው ተከሰው የተገደሉ ሰዎች ነበሩ። እኛ ጋ ተኩላውን የሚተካው ጅብ ነው። ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል፣ ቡዳ የሚባለው ደግሞ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው ነው። በእጁ ሠርቶ የሚያድረው ሰው ማለት ነው። በዚህ ወሬ ስንት ሰው ጋብቻ ተከለከለ፣ ስንት ሰው አብሮት የሚበላ አጣ! በሠሩት ጀበና ቡና እየጠጡ ሠሪዋን መፍራት ግፍ ነው። ጅቡ ራሱ ሌሊት ወደ ከተማ የሚወርደው ሰው ለመሆን አይደለም፤ የጣልነውን አጥንትና ጥንብ ሊበላ ነው። እሱ ባይኖር ጠረኑን አንችለውም ነበር።

ሌሎች ሕዝቦች ተኩላን እንዴት እንዳዩት ብዙ ማለት ይቻላል። የሮም ሰዎች ከተማችንን የቆረቆሩትን መንትዮች ያጠባች ተኩላ ናት ይላሉ፣ ሞንጎሎች ዘራቸውን ከተኩላ ይቆጥራሉ። ሁለቱን ብቻ ግን ጠጋ ብዬ ልያቸው። የጥንት ግብጾች ዌፕዋዌት የሚባል፣ በተኩላ መልክ የሚሣል፣ መንገድ ከፋች አምላክ ነበራቸው፤ ከሠራዊት ፊት የሚሄድ፣ ለሞተውም ሰው መንገድ የሚያሳይ። ግሪኮች እሱ የሚመለክባትን ከተማ የተኩላ ከተማ ብለው ሰየሟት፣ ዛሬ አስዩት ናት። ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ እዚያ አካባቢ ያለው እንስሳ ተራ ቀበሮ ነው ሲሉ ኖሩ። ከዚያ በ2011 ከኢትዮጵያ ደጋዎች የተወሰደ ናሙና በዘር ሲመረመር ወደ ተኩላ የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ፣ በ2015 ደግሞ ሰፋ ያለ የዘረመል ጥናት ራሱን የቻለ የአፍሪካ ተኩላ መሆኑን አረጋገጠ። አገራችን ውስጥ ሌሎች የቀበሮ ዓይነቶችም ስላሉ ማሳ ዳር የሚታየው ሁሉ እሱ ነው አልልም። ግን በየገጠሩ ድንጋይ የምንወረውርበት ወርቃማ «ቀበሮ» ግብጾች ሐውልት ያቆሙለት ፍጡር ሊሆን ይችላል። ግልገል አይወስድም? ይወስዳል፣ አልዋሽም። አይጡንም ግን የሚለቅመው እሱ ነው።

ሁለተኛው የጃፓን ነው። የጃፓን ገበሬዎች አሳማና አጋዘን እህላቸውን ሲያጠፋባቸው የተኩላ ሥዕል ያለበት ክታብ ከቤተ መቅደስ አምጥተው ማሳቸው ላይ ያቆሙ ነበር። ተኩላ ጠባቂያቸው ነበር። ኋላ የእብድ ውሻ በሽታ ገባ፣ ተኩላው ተፈራ፣ በመርዝና በጠመንጃ ተሳደደ። የመጨረሻው በ1905 ተገደለ። ቤተ መቅደሶቹ ዛሬም አሉ፣ ተኩላው የለም። በቆሎው እንዳይበላበት ማማ ላይ ወጥቶ ከርከሮና ዝንጀሮ ሲያባርር የሚያድር የጅማ ዙሪያ ገበሬ ይህን ታሪክ ከማንም በላይ ይረዳዋል።

የኛዎቹንም እየገደላቸው ያለው ያው በሽታ ነው። የሚያመጣባቸው ደግሞ ተኩላ አይደለም፣ የኛ ውሻ ነው። ከብት ጠባቂ ውሾች ሳይከተቡ ወደ ተራራው ይወጣሉ፣ በሽታው ይሻገራል፣ ያ ሁሉ መላላስና መተቃቀፍ ያለበት ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ያልቃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባሌ ላይ አብዛኞቹ አለቁ። በ2003 እንደገና ገብቶ ዌብ ሸለቆ ላይ ከነበሩት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ጠፉ። ከ1995 ጀምሮ የጥበቃ ሠራተኞች በየመንደሩ ውሻ ይከትባሉ፣ ከ2018 ወዲህም ለራሳቸው ለቀይ ቀበሮዎቹ ሥጋ ውስጥ የተደበቀ ክትባት ያስቀምጡላቸዋል። በብርድ፣ በፈረስ፣ በሌሊት። እነዚህን ሰዎች አከብራለሁ።

የጅማ ውሻ ባሌ አይደርስም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው። በሽታው ግን አንድ ነው፣ ሰው ላይ ከሚደርሰው ከመቶ 99ኙ በውሻ ነው የሚመጣው፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በየሥጋ ቤቱ ደጃፍና በየገበያው ዳር የሚውሉትን ውሾች ሁላችንም እናያቸዋለን። መርዝ ማደል መፍትሔ አይደለም፤ መርዙን ጅቡም አሞራውም ይበላዋል፣ በቦታው ያልተከተበ ሌላ ውሻ ይመጣል። ከ100 ውሻ 70ው ከተከተበ ግን በሽታው መተላለፉን ያቆማል። ጅማ የእንስሳት ሕክምና የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናት። ዓለም አቀፉ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሴፕቴምበር 28 ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የመስቀል ማግስት ላይ ይውላል። ክረምቱ የወጣበት፣ ለመዞር የሚመች ጊዜ ነው። ተማሪዎቹ ክትባቱን ይዘው በየቀበሌው ይውጡ፣ የዕድርና የመስጊድ ጀመዓ ቀኑን ለሕዝብ ያስነግር፣ እኛም ውሻችንን በገመድ ይዘን እንጠብቃቸው።