ምኑ ነው ያሳቃችሁ?

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ቃሌ ቢከርርባችሁ ቻሉት።

በ2025 ፌብሩዋሪ መጀመሪያ፣ የግራሚ የሙዚቃ ሽልማት በሚሰጥበት ማታ፣ እዚህ አሜሪካ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ተቀምጠናል። ቴሌቪዥኑ በርቷል፣ ቤቱ ጢም ብሏል። ካንትሪ በሚባለው፣ የነጭ ገጠሬ ዘፈን ተደርጎ በሚታየው ሙዚቃ የምርጥ አልበም አሸናፊ ተብሎ የጥቁሯ ዘፋኝ የቢዮንሴ ስም ሲጠራ፣ ከጎናችን ካለው ጠረጴዛ አንዱ ጮክ ብሎ «ይቺን ደግሞ ካንትሪ ምን አገባት? ጥቁሮቹ ራፓቸውን አይዘፍኑም?» አለ። ቤቱ አውካካ። አስተናጋጇ ሳትቀር ሳቀች። ዞር ብዬ ምኑ እንዳሳቃቸው ብጠይቅ «ቀልድ ነው ባክህ፣ አታካብድ» አሉኝ።

እሺ፣ ላካብድ።

«ጥቁሮቹ» ነው ያለው። እንግዲህ እኛ ምን ልንሆን ነው? ፖሊስ መኪናችንን ሲያስቆም ሐበሻ ነህ ወይስ የእዚሁ ልጅ ብሎ አይጠይቀንም። ልጆቻችንን ትምህርት ቤት ስናስመዘግብ «ጥቁር» በሚለው ላይ ምልክት አድርገን ነው ቅጹን የምንመልሰው። ባንዲራው ፊት ቆመን፣ እጃችንን አንስተን፣ ምለን ዜጋ ሆነናል። የዚህ አገር ታሪክ የኛም ዕዳ ሆኗል ማለት ነው። ጥሩ ጥሩውን እየመረጡ መውሰድ የለም።

አሁን ደግሞ ያንገበገበኝን ልንገራችሁ። በሳቃችሁበት በዚያው አልበም ውስጥ የአንዲት ትልቅ ሴት ድምፅ ይሰማል። ሰማንያ ዓመት አልፏታል። የሙዚቃ ዓይነት እየተባለ በሚታጠረው አጥር ላይ ቀስ ብላ ታሾፍበታለች። ሊንዳ ማርቴል ትባላለች። ያ ቀልድ በቀልድ መልክ ሳይሆን በእውን ነው የደረሰባት።

የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1941 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ፣ ሊስቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ቤተሰቦቿ ያወጡላት ስም ቴልማ ነው። አባቷ ጢሰኛ ገበሬ ነበር፣ ሰባኪም ነበር። እናቷ ዶሮ የሚታረድበት ቤት ትሠራ ነበር። ጢሰኛ ምን እንደሆነ መቼም ለኛ ማስረዳት አያስፈልግም፤ «መሬት ላራሹ» ብለን ስንት ልጅ ቀብረናል። ልጅቷ ያደገችው ቤተክርስቲያን እየዘመረች ነው። አባቷ ደግሞ ካንትሪ ይወድ ነበርና ያም ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

እሷ በተወለደችበት በዚያው ዓመት፣ ግራንድ ኦል ኦፕሪ የሚባለው፣ የካንትሪ መዲና በሆነችው በናሽቪል ከተማ ያለው ስመ ጥር መድረክ ዲፎርድ ቤይሊን አባረረው። ዲፎርድ ጥቁር ነው፣ አርሞኒካ ተጫዋች ነው፣ ከመድረኩ የመጀመሪያዎቹ ኮከቦች አንዱ ነበር። ከዚያ በኋላ እዚያው ናሽቪል ውስጥ በሊስትሮነት ኖረ። ካንትሪ የሚታወቅበት ባለ ክሩ መሣሪያ ባንጆ ራሱ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ይዘውት የመጡት ዕውቀት ውጤት ነው። እንግዲህ «ካንትሪ ምን አገባቸው» የምትሉት እነዚህን ሰዎች ነው!

ወደ ሊንዳ ልመለስ። በ1969 ቻርልስተን የአየር ኃይል ጣቢያ ውስጥ ስትዘፍን ናሽቪል የቤት ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሰው ሰማት። ናሽቪል ወሰዳት፣ ሼልቢ ሲንግልተን ለሚባል የሙዚቃ አሳታሚ አስተዋወቃት። የሰውየው ኩባንያ ስም ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ፕላንቴሽን ሬከርድስ። ጥቁሮች በባርነት በተገረፉበት እርሻ ስም የሚጠራ ኩባንያ ጥቁር ዘፋኝ ያስፈርማል። አልተዋጠላትም፣ ተናገረችም። ማን ሰምቷት።

አልበሟን በአንድ ቀን፣ በ12 ሰዓት ውስጥ ቀረጹት። የመጀመሪያው ዘፈኗ ቢልቦርድ የተባለው መጽሔት የካንትሪ ዘፈኖችን ደረጃ በሚያወጣበት ሰንጠረዥ ላይ 22ኛ ደረሰ። ዘፈኑ ስለ አንድ እንጀራ አባት ነው። ባሏ ጦርነት የሞተባትን ሴት አግብቶ፣ ያልወለዳቸውን ልጆች እንደ ወለዳቸው አድርጎ፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ እየገባ ስለሚያሳድግ ሰው። በ1969 ኦገስት ኦፕሪ መድረክ ላይ ወጣች። በዚያ መድረክ ብቻዋን የዘፈነች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሷ ናት። ደጋግመውም ጋበዟት።

ከኦፕሪ ውጪ ያለው ግን ሌላ ነው። በደቡብ ከተሞች እየዞረች ስትዘፍን ከታች ሆነው ይሰድቧታል። የትኛውን ስድብ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፣ እኔ አልጽፈውም። እስቲ አስቡት፣ ቀሚሷን አስተኩሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ማይክ ይዛ ቆማለች፤ ስለዚያ ደግ አባት ልትዘፍን ነው የወጣችው፤ ትኬት ገዝቶ የገባ፣ ምናልባት ልጆቹን አስከትሎ የመጣ ሰው ደግሞ እየጮኸ ይሰድባታል። እሷ ምን ታድርግ? ዘፈኗን መቀጠል አለባት። ፈገግ ማለት አለባት። ማታ ማታ ይህን ችላ፣ ጠዋት ተነስታ ወደሚቀጥለው ከተማ መሄድ አለባት። ይህን ሳነብ ንዴቴ ይጠፋና ልቤ ይደማል። የማን ልጅ ናት ብለው አልጠየቁም እኮ!

ሰዳቢ መቼም በየዘመኑ አለ። ለኔ ይቅር የማይባለው ከዚያ የቀጠለው ነው። በ1970 አልበሟ ወጣ። ኩባንያው ግን ጄኒ ሲ ራይሊ የምትባል ነጭ ኮከብ ነበረችውና ጉልበቱን ሁሉ ለእሷ አደረገ። ሊንዳ ልሂድ አለች፣ ሄደችም። ሌላ ኩባንያ ሊቀርጻት ሲነሳ ሲንግልተን እከሳለሁ ብሎ አስፈራራ፣ እነዚያም ተዉት። አለቀ። ስድብ ሊያስቆማት ያልቻለውን ሴት አንድ ሰው በክስ ማስፈራሪያ ዘጋት። ያ ሁሉ የናሽቪል ባለ ስቱዲዮ፣ ያ ሁሉ ባለ ጊታር፣ በሩን ከፍቶ «ነይ እኔ ጋ ቅረጪ» ሳይላት ቀረ። በሕይወቷ የካንትሪ አልበም ያወጣችው ያኔ ብቻ ነው። ያንን አንዱን።

ከዚያ መርከብ ላይ ዘፈነች። የሙዚቃ ሸክላ መሸጫ ሱቅ ያዘች። በመጨረሻም አገሯ ተመልሳ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነዳች። መንዳት ነውር ነው ማለቴ አይደለም። ከመካከላችን ዲግሪውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ኡበር የሚነዳው ስንት ነው? ሆስፒታል እየጠረገ ልጅ ያስተማረ ሐኪም አናውቅም? እንዲያ ያለ ድምፅ ይዞ አውቶቡስ የመንዳት ታሪክ ከማንም በፊት ሊገባው የሚገባ ሰው ቢኖር እኛ ነበርን። እኛ ግን ሳቅን።

ደግሞ እኮ ካንትሪ እንወዳለን! ኬኒ ሮጀርስና ዶሊ ፓርተንን በካሴት እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ዶሊን ቢያንጎራጉር «አቤት ጆሮው!» ይባላል። የሳውዝ ካሮላይና ጢሰኛ ልጅ፣ እዚያው አፈር ላይ የተወለደች፣ ስትዘፍነው ምን አገባት ይባላል። ይህን ምን እንበለው? እኔ ንቀት ነው የምለው። ከነጮቹ የተዋስነው ንቀት ነው፣ ያውም በራሳችን መልክ ላይ። ሀገር ቤት ዘፋኝን «አዝማሪ» ብለን ስንሰድብ የኖርን ሰዎች ስለሆንን አልከበደንም መሰለኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ1965 በፊት በነበረው ሕግ ወደዚህ አገር በስደተኛነት ለመግባት ለኢትዮጵያ የተመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። መቶ! ያ ሕግ የተሻረው በዘር ማግለልን የከለከለው የሲቪል መብት ሕግ በጸደቀ በዓመቱ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን በውሻ ተነክሰው፣ በውኃ ተደብድበው ባመጡት ለውጥ ውስጥ ነው የኛም በር የተከፈተው። እነሱ በከፈሉት ገብተን፣ ሻንጣችንን ሳንፈታ «እኛ እንደነሱ አይደለንም» ማለት ጀመርን። ልጆቻችንንም እንዲሁ አስተማርናቸው። በዚህ ማንም ከደሙ ንጹሕ ነኝ አይበል፣ የኔም ቤት ሳይቀር።

ነጮቹ እንኳ እየተሻሻሉ ነው ብዬ ላጽናናችሁ ነበር፤ እሱም ግማሽ ግማሽ ነው። በ2021 ለሊንዳ ሽልማት ሰጧት፣ ሃምሳ ዓመት ዘግይተው። በ2024 ኦክላሆማ ያለ አንድ የካንትሪ ሬዲዮ የቢዮንሴን ዘፈን አናጫውትም ብሎ፣ ጩኸት ሲበዛበት አጫወተ። ዋናው የካንትሪ ማኅበር ደግሞ በዚያው ዓመት በአንድም ዘርፍ አላጫትም። ሊንዳ ግን በዚያ በቢዮንሴ አልበም ምክንያት በ83 ዓመቷ ለግራሚ ታጨች። ሳነበው ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ከፋኝ። ጉልበቷና ድምፅዋ ሙሉ እያለ የት ነበራችሁ ያስብላል።

ወገኖቼ፣ ብዙ አልጠይቃችሁም። ሰልፍ ውጡ አላልኩም። ያንን የ1970 አልበም ፈልጉና ከዳር እስከ ዳር ስሙት፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ ብዙም አያልፍም። ከዚያ ካልጣማችሁ አልጣመኝም በሉ፣ መብታችሁ ነው። የቢዮንሴንም አልወደድኩትም በሉ፣ እኔም የማልደግመው ዘፈን አለው። ምን አገባት ግን አትበሉ። ሌላው ሲልም አብራችሁ አትሳቁ።

ናሽቪል ተወልደው የሚያድጉ የሐበሻ ልጆች አሉ፣ በየሄዱበት የሚሰሙት ካንትሪ ነው። አንዷ ነገ ጊታር ግዙልኝ፣ ካንትሪ ልዘፍን ነው ትል ይሆናል። ነርሲንግ ተማሪ እንደምትሏት አውቃለሁ፣ እሱስ ይሁን። ብቻ «የኛ አይደለም» አትበሏት። አብዛኞቻችሁ እንደምትሏት ይታወቀኛል፤ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁም ትሏታላችሁ። ጥቂቶቻችሁ ግን ጊታሩን ትገዙላት ይሆናል። ርካሹንም ቢሆን።