ክብር ለጓዳው መጋረጃ

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ረቡዕ ማታ። እዚያ ቤት ኅብረት የሚካፈል ሰው ሁሉ ከመቀመጡ በፊት ሳሎኑን ከጓዳ ለሚለየው አበባማ መጋረጃ እጅ ሊነሳ ይገባዋል። ከሐዋርያት የተቀበልነው ትምህርት በአሁኑ ሰዓት የተንጠለጠለው እዚያ ላይ ነው፤ በሰባት የፕላስቲክ ቀለበት።

ባለፈው ረቡዕ ርዕሱ «የሴት ድርሻ በጉባኤ» ነበር። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ወንድሞች ሶፋው ላይ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ጉልበታቸው ላይ፣ ስልክ መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ። ከእህቶች ግማሾቹ ከዕድር በተዋሱት የፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል (አራት ፎቅ ተሸክመው ያወጡትም እነሱው ናቸው፤ ሴት ወንበር እንዳትሸከም የሚከለክል ጥቅስ እስካሁን አልተገኘም)፣ የቀሩት ጓዳ ናቸው። ርዕሱ የሚመለከታቸው ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ የማይመለከታቸው ይወያዩበታል። የሥራ ክፍፍል እንዲህ ሲያምር!

የተመደበው አስተማሪ ሜክሲኮ ላይ መንገድ ተዘጋግቶበት ቀረ። በምትኩ ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ተነሳ። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ዋናውን መስፈርትም ያሟላል፤ ወንድ ነው። ትምህርት ግን አላዘጋጀም። ያዘጋጀችው እማወራዋ ናት። አስተማሪ ቢቀርስ እያለች ሁልጊዜ ታዘጋጃለች። የማታ ተምራ በሥነ መለኮት ተመርቃለች፤ ዲፕሎማዋ ከግድግዳው ሰዓት ጎን ተሰቅሏል፤ ወንድሞች ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማየት ቀና ሲሉ ያዩታል። ደብተሯን ለልጁ ሰጥታ፣ መጋረጃውን ገልጣ ወደ ጓዳ ገባች።

ፈተናው የመጣው በእጅ ጽሑፉ በኩል ነው። ልጁ ሮሜ 16 ላይ ደረሰ። «ጳውሎስም እህታችንን ፌቤንን አደራ ሲል፣ በ... በክ... በክን...»

ከመጋረጃው ወዲያ፣ ከዘይቱ ጩኸት በላይ፦ «ክንክራኦስ!»

«በክንክራኦስ!» አለ ልጁ፣ በሥልጣን። «አሜን!» አልን።

«በክንክራኦስ ባለች ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የነበረች...» ብሎ ሲቀጥል አንድ ትልቅ ወንድም እጃቸውን አነሱ። አገልጋይ ሲል እንግዲህ የምግብ ዝግጅቱን ማለቱ ይሆን? ልጁ ደብተሩን ገለጠ፣ መልሶ ገለጠ፣ መጋረጃውን አየ። እኛም መጋረጃውን አየን። መጋረጃው መለሰ፦ «ቁጥር 2ን ያንብበው! ለእኔ ለራሴና ለብዙዎች ደጋፊ ነበረች ይላል! ማነሽ፣ እሳቱን ቀንሺው!» ልጁ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ትቶ ሌላውን እንዳለ ደገመው።

እዚህ ላይ ነው አንድ ጥንቁቅ ወንድም ሕሊናው የወቀሰው። ይሄ ነገር ሴት ማስተማሯ አይሆንም ወይ? ጸጥታ ሆነ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉና በየኅብረቱ ሊባዛ የሚገባውን ብያኔ ሰጡ፦ ማኅበር ማለት ሳሎኑ ነው። ጓዳ ማኅበር አይደለም። ከጓዳ የሚመጣ ድምፅ እንደ ጎረቤት ሬዲዮ ነው፤ ሰምተኸው ብትጠቀም ኃጢአት የለበትም።

ከዚያ ወዲያ ሥርዓት ሆነ። ነፋሱ መጋረጃውን እንዳይገልጠው አንድ ወንድም ጫፉን በእግሩ ረግጦ እንዲቀመጥ ተመደበ። እማወራዋ ቡና ልታድል ስትወጣ ደግሞ ትምህርቱ ደፉ ላይ ይቆማል። «ጸጋዬ...» ብላ ጀምራ ረከቦቱን ይዛ ወጣች፣ ዝም ብላ ቀዳች፣ ዝም ብላ አደለች፣ ስኳር ለጎደለው ጨመረች፣ ተመለሰች፣ መጋረጃው ተዘጋ፣ «...ይበቃሃል!» አለች። «...ይበቃሃል!» አለ ልጁ። አንዲት እህት አለቀሰች። በመጨረሻም ወንድሞች ልጁን ከበው እጅ ጫኑበት፤ ዛሬ የተለየ ቅባት እንደነበረበት ሦስቱ መሰከሩ። ቅባቱ ልብሱ ላይም ነበር፤ ከቂጣው።

የኅብረቱ የማዕዘን ድንጋይ 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥34 ነው። «ሴቶች በማኅበር ዝም ይበሉ።» ወንድሞቻችን ይህን ቁጥር በቃላቸው ያውቁታል። የማደንቀው ግን ዓይናቸው ሌላውን የሚዘልበትን ፍጥነት ነው። እዚያው ምዕራፍ ውስጥ፣ ጥቂት መስመር ከፍ ብሎ፣ ጳውሎስ ሁለት ጊዜ ዝም በሉ ብሏል። ቁጥር 28፦ በልሳን የሚናገር፣ የሚተረጉም ከሌለ በማኅበር ዝም ይበል። ቁጥር 30፦ ለተቀመጠው ለሌላው ከተገለጠለት ፊተኛው ዝም ይበል። እስቲ በዚህች ከተማ ማይክ የጨበጠ ወንድም፣ ለተቀመጠው ተገልጦለት ይሆናል ብሎ ዝም ሲል ያየ እጁን ያውጣ። ያው ጳውሎስ በምዕራፍ 11 ሴት ስትጸልይና ትንቢት ስትናገር ራሷን ትሸፈን ማለቱንም እንለፈው። ዝም ለምትል ሴት ለምን የራስ መሸፈኛ ሕግ እንዳስፈለጋት አንድ ወንድም ያብራራልን ይሆናል፤ ጊዜ ከተረፈው።

ጵርስቅላንም አዝንላታለሁ። አጵሎስን የሚያህል የእስክንድርያ ሰው፣ መጻሕፍት አዋቂ፣ ከባሏ ጋር ወስዳ የጎደለውን አሟላችለት። መጋረጃ ቢኖራት ኖሮ እንዲህ በአደባባይ አትሳሳትም ነበር።

ሽሙጡን ለአፍታ ላስቀምጠው። በ1974 ዓ.ም. ደርግ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ፣ አዳራሽ ሲወርስና መሪ ሲያስር፣ ጉባኤው የት ነበር የገባው? ሳሎን። የማን ሳሎን? የቀበሌ ሰው በሩን ሲደበድብ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጀበናዋን ይዛ፣ «ቡና ላይ ነን» ብላ የመለሰችው ማን ነበረች? በዚያ ሰዓት ሴት በማኅበር ዝም ትበል ያለ ወንድም አልነበረም፤ ዝም ያሉት ወንዶቹ ነበሩ፣ ከአልጋው ክፍል። ሲዘጋ 5,000 ገደማ የነበረው አባል ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆኖ የተገኘው በሴቶች ማጀት፣ በሴቶች ቡና፣ በሴቶች ድፍረት ነው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ፤ ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ገደማ በእስር ማቀቁ። የእስር ቤቱ በር ላይ ሴት አይገባም ያላቸው የለም። 1983 መጣ፣ አዳራሹ ተመለሰ፣ መድረክ ተሠራ፣ መድረኩ ላይ አትሮኖስ ቆመ፣ ያኔ በር የከፈተችውም የመስተንግዶ ኮሚቴ አባል እንድትሆን በአንድ ድምፅ ተወሰነላት። ይሄ ትምህርተ ሃይማኖት አይደለም። ውለታ መብላት ነው።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ወንድሞቻችን ከጥንት አባቶች የወረሱት ጥንቃቄ አላቸው። ሐዋርያት ሥራ 12፦ በማርቆስ እናት በማርያም ቤት ብዙዎች ተሰብስበው ስለ ታሰረው ጴጥሮስ ይጸልያሉ። ያ ራሱ ጴጥሮስ ተፈትቶ መጥቶ በሩን ያንኳኳል። ሮዴ የምትባል ገረድ ድምፁን ለይታ፣ ከደስታ የተነሳ በሩን እንኳ ሳትከፍት ሮጣ ገብታ ነገረቻቸው። ጉባኤው ምን አላት? «አብደሻል።» አጥብቃ ብትናገርም «መልአኩ ነው» አሏት። የጸሎታቸው መልስ ደጅ ቆሞ እያንኳኳ፣ እነሱ ወሬውን ያመጣችው ማን እንደሆነች ያጣራሉ። እንዲህ ያለ ጥራት ያለው የስብሰባ አመራር ዛሬም ከመሃል ከተማችን አልጠፋም። ባለፈው ረቡዕ ለምሳሌ በውይይቱ መሃል እማወራዋ ሽቦው መክሰል መክሰል ይሸታል ብላ ከጓዳ ብትጮህ፣ ሐሳቧ በሌሎች ጉዳዮች እንዲያዝ ተደረገ። መብራቱ ሲጠፋ ጉዳዩ በወንድሞች ተነስቶ ተቀባይነት አገኘ። ሻማውን የምታውቀው እሷ ስለሆነች ግን ለጊዜው መጋረጃውን እንድታልፍ ተፈቀደ።

በሻማው ብርሃን የሚቀጥለው ሳምንት ርዕስ ተነገረ፤ «የራሱን ቤት በመልካም የሚያስተዳድር»። የሚያስተምረው ወንድም እስካሁን ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው። እማወራዋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፣ እሱንም ከጓዳ ሆና፤ ስንት ሰው እንደሚመጣ ማክሰኞ ይነገረኝ፣ ሊጡን ማታ ነው የማቦካው።