ማስተካከያ፦ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ቦታና የሎደር የማንሣት አቅም

በአነስተኛ ትራክተር ላይ በእጅ የተሠራ የፊት ሎደር (በሃይድሮሊክ ዘይት የሚሠራ፣ አካፋ ያለው ማንሻ ክንድ) ስለመግጠም ቀደም ሲል በጻፍሁት ላይ፣ የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ (ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ዘይቱን የሚለቀው) ከመቆጣጠሪያው ቫልቭ (ዘይቱን ወደ ሲሊንደሩ ከሚመራው) በኋላ፣ ወደ ሲሊንደሩ በሚሄደው ቱቦ ላይ ይገጠም ማለቴ ስሕተት ነው። ትክክለኛው ቦታ በፓምፑና በመቆጣጠሪያው ቫልቭ መካከል ሲሆን፣ የሚያስተነፍሰው ዘይት በቀጥታ ወደ ታንከሩ መመለስ አለበት። በቀድሞው የተሳሳተ መልክ የገጠመ ካለ፣ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት እንዲያስተካክለው አጥብቄ እለምናለሁ፤ ከፓምፑ የሚወጣው ዘይት መቆጣጠሪያው ላይ መተላለፊያ ካጣ፣ ቱቦው እስኪፈነዳ ወይም ፓምፑ እስኪሰበር ድረስ ግፊቱ ይጨምራልና። ማስተንፈሻው በትክክል ሲሠራ፣ ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ሲቆም ብዙ ጊዜ የዘይቱ ፉጨት ይሰማል።

የማንሣት አቅሙንም አርሜያለሁ። የውስጥ ዲያሜትሩ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ሲሊንደር በ150 ባር የዘይት ግፊት 3,000 ኪሎ ግራም ገደማ ይገፋል፤ ይህ ግን አካፋው የሚያነሣው ክብደት አይደለም። ሲሊንደሩ ክንዱን የሚገፋው ክንዱ ከሚዞርበት ፒን በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ጭነቱ ያለው ደግሞ በ2 ሜትር ርቀት ላይ ከሆነ፣ የሚቀረው ቢበዛ አንድ አምስተኛው፣ ማለትም 600 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ሲሊንደሩ ተጋድሞ ሲገፋ ከዚህም ያንሳል፣ የክንዱና የአካፋው ክብደትም ይቀነሳል።