ሰርገኛ መጣ፣ ሪባን እሰሩ

የሰርግ ኮሚቴን የሚያማ ሰው ውለታ ቢስ ነው። እኔ ዛሬ ላመሰግን ነው የተነሳሁት። ሰሞኑን ሳልጠየቅ የአንድ ዘመድ ልጅ ሰርግ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ተጨምሬያለሁ፤ እናንተም በዚህ ወቅት ከአንዱ ግሩፕ አታመልጡምና ነገሩን ታውቁታላችሁ። ሰርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የጥሪ ካርዱ ማተሚያ ቤት አልገባም፣ የቀለበት ጣት አልተለካም፣ በርበሬው ገና ጆንያ ውስጥ ነው። የምሽቱ ዋና አጀንዳ ግን ድሮን ነበር፤ ሙሽራው ከመኪና ሲወርድ ድሮኑ ከፊቱ ይምጣ ወይስ ከኋላው? ክርክሩ እኩለ ሌሊት አልፎ «ከላይ ይሁን» በሚል ታሪካዊ ስምምነት ተደመደመ። አንድ ሰው ብቻ «ካርዱስ?» ብሎ ጻፈ። አምስት ሰው አውራ ጣቱን አነሳለት፤ እንግዲህ አለቀ ማለት ነው።

አያቶቻችን «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ሲሉ ዝርክርክ ቤት ላይ መሳለቃቸው ነበር። ምስኪኖች፣ ለእኛ የሥራ መመሪያ እያወጡልን መሆኑን አላወቁም። ሥራ ሲከመር፣ ቀኑ ሲያጥር፣ ሙሽሪት እንቅልፍ ስታጣ የቱ ይቅደም የሚለውን ጥያቄ እንደ ሰርግ ኮሚቴ የፈታው የለም። በቪዲዮ የሚታየው ይቀድማል። ጎረቤት የሚያወራው ይከተላል። ያለ እሱ ሰርጉ ሰርግ የማይሆነው ነገር ደግሞ «ይደርሳል» ተብሎ ለዋዜማው ሌሊት ይቀመጣል። ለምን ቢሉ፣ ያለ እሱ ሰርግ ከሌለ መቼም ሳይሠራ አይቀርማ! ይህን አመክንዮ የሚረታ ሰው ካለ ኮሚቴ ገብቶ ይሞክረው።

የቀን ቆረጣውን ጥበብ ብቻ ተመልከቱ። ጾመ ነነዌ ከጥር 17 ቀድሞ አይገባም፣ ከየካቲት 21 አያልፍም፤ ሁዳዴ ደግሞ ነነዌ በገባ ልክ በሁለት ሳምንቱ ሰኞ ይገባል። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ አባቶች የዛሬ መቶ ዓመቱን ሳይቀር ቁጭ ብለው ያሰሉታል፤ ለማያውቅም ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ካላንደር አለለት። ኮሚቴ ግን ለካላንደር አይገዛም። አዳራሽ በተገኘበት እሁድ ሰርግ፣ ሰኞ መልስ ተብሎ ይቆረጣል፤ ያ ሰኞ የነነዌ መግቢያ መሆኑ የሚታወቀው ዶሮው ከታረደ በኋላ ነው። ያኔ ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው «ያጋጠመ ነገር ነው» ይላሉ፤ ነነዌ ዘንድሮ የተደነገገ ይመስል። ወደ ሚያዝያ ይዛወር እንዳይባል አዳራሹ ቀብድ በልቷል። ግንቦት እንዳይባል የሙሽራው አያት በሕይወት አሉ።

ሕጉም ቢሆን ለኮሚቴ ክብር አይመጥንም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ከሚጋቡ ሰዎች የሚፈልገው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት እንዲያሳውቁና በየወገናቸው ሁለት ሁለት ምስክር እንዲያቀርቡ ነው። በድምሩ አራት ሰው! 22 አባላት ላሉት ኮሚቴ ይህ ስድብ ነው። ስለዚህ ማንም አይነካውም። አንድ ወሩ በሪባን ያልቃል፤ አራተኛው ምስክር በዕለቱ ጠዋት በስልክ ይፈለጋል፤ ይገኛል፤ መታወቂያውን ረስቶ ይመጣል።

ሪባን ካነሳሁ አይቀር አምና አንድ ኮሚቴ የሠራውን ልንገራችሁ፤ ከሰርግ ሥራ ሁሉ እንደ ወንበር ሪባን የምወደው የለም። ነጭ ልብስ የለበሰ የፕላስቲክ ወንበር ከኋላው ወገቡን የሚታጠቀው ነገር ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ አንድ ሰው «ለመሆኑ ሪባን ያስፈልጋል ወይ?» ብሎ ጠየቀ፤ ከዚያ ወዲህ በስብሰባ አልታየም። በሁለተኛው ቀለም ተነሳ። ወርቃማ፣ ክሬም፣ ሻምፓኝ። ወንዶቹ ሦስቱን መለየት አልቻሉም፤ ይህ ግን ከመከራከር አላገዳቸውም። ከቨርጂኒያ በቪዲዮ የገባችው የሙሽሪት አክስት «እኛ ጋ እኮ ሪባን ቀርቷል» ስትል ኔትወርኩ ተቆራረጠና «ቀርቷል» የምትለው ብቻ ደረሰች። የሙሽሪት እናት ሰርጉ የቀረ መስሏቸው ዘፍ አሉ፤ ውኃ ተረጨባቸው። ነፍሳቸው ሲመለስ ስብሰባው ካቆመበት ቀጠለ።

ሦስት ሰው ያለበት ንዑስ ኮሚቴ ወደ መርካቶ ተላከ። ሲዞር ውሎ አምስት ናሙና ይዞ ተመለሰ፤ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድም እንዲገዛ ተነግሮት ነበር፣ ረስቶታል። ናሙናው መጋረጃ ላይ ተሰክቶ በጠዋት ፀሐይ ታየ፣ በቀትር ታየ፣ ማታ በአምፖል ሊታይ ሲል መብራት ጠፋ። በሻማ ታየ። በሻማ ሁሉም ወርቃማ ሆነ። የወርቃማ ደጋፊዎች እልል ሲሉ የክሬም ወገን «ሰርጉ በሻማ ነው እንዴ የሚደረገው?» ብሎ ውጤቱን አልቀበልም አለ። ድምፅ ተሰጠ፤ እኩል በእኩል ወጣ። የሰብሳቢው ድምፅ ይለየው ሲባል፣ ሰብሳቢው ባለቤታቸውን ሳያማክሩ እንደማይወስኑ አስታወቁ። ባለቤታቸው ሻምፓኝ አሉ።

ቀለሙ ሲያልቅ ቋጠሮው መጣ። ቢራቢሮ ይሁን? ጽጌረዳ ይሁን? ጫፉ መሬት ይንካ ወይስ ሁለት ጣት ከፍ ይበል? በሙያው መሐንዲስ የሆነ የሙሽራው ጓደኛ ንድፍ ሠርቶ መጣ፤ ልኬቱ በሴንቲ ሜትር ነው። ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ተፈረመ። በዋዜማው የሰፈሩ ወጣቶች አራት መቶ ወንበር ሲያስሩ አደሩ፤ ንዑስ ኮሚቴው ቢራውን ይዞ በመካከላቸው እየተመላለሰ «ግራ ክንፉ ዝቅ ብሏል» ይል ነበር።

በማግስቱ እንግዳው ገባ፤ ሙቀት ነበርና ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለ። ሪባኑ ተሸፈነ። ያልተሸፈነውን ልጆች ፈትተው ልጓም አደረጉት፣ ፈረስ ተጋለቡበት። ያልተጠራውም መጥቶ ወንበር ስላነሰ ከእድር አግዳሚ ተጎትቶ መጣ፤ ሪባን በሌለው አግዳሚ ላይ የተቀመጡት እነማን ናቸው? ሽማግሌዎቹና የንስሐ አባቱ። ቢያንስ ቪዲዮው ይቀርልናል ተባለ። እዚያም ድሮኑ ከላይ ነበር፤ ያነሳው የድንኳኑን ጣሪያ ነው። ደግነቱ ጣሪያው ያምራል።

እነዚያ ወንበሮች ሲታሰሩ ከድንኳኑ ጀርባ ምን ይደረግ እንደነበር ግን ልንገራችሁ፤ ሽሙጡ ለጊዜው ይቆየኝ። እዚያ ጭስ ነበር። የሰፈሩ እናቶች ሽንኩርት በጆንያ እየከተፉ፣ ቁሌት እያማሰሉ ነው ያነጉት። ስንት ሰው እንደሚበላ የተነገራቸው በዚያው ምሽት ነው። ጌሾ በድምፅ ብልጫ አይበስልም። ሊጥም ኮሚቴ ስለወሰነ በአንድ ሌሊት አይቦካም። ይህን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ከእነሱ አንዷን ስብሰባ የጠራት ግን የለም። አንዷ እንኳ ተጠርታ ቢሆን በርበሬው ከወር በፊት ተቀንጥሶ፣ ፀሐይ መትቶት፣ ቅመሙ ገብቶ፣ ተፈጭቶ ነበር። «የምግብ ኮሚቴ» የተባሉት ሦስት ወንዶች ጭልፋ ይዘው መጥተው «ጨው አንሶታል» ብለው ሄዱ። ሦስት ሌሊት ቆመው ያደሩት፣ እግራቸው ያበጠው፣ ዓይናቸው በጭስ የቀላው፣ ከሁሉ በኋላ የድስት ጥግ የጠረጉት እነዚህ ሴቶች ሙሽሪትን በቬሎ ያዩዋት በሰው ስልክ ነው። ለሪባን ቃለ ጉባኤ የያዘ ጉባኤ ለእነሱ የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ማሰብ አቃተው። ንቀት ነው። ሌላ ስም የለውም።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ።

የመኪናውን ኃላፊነት የወሰደው ወዳጅ ሳይመሰገን አይታለፍም። ከሦስት ወር በፊት ደረቱን መትቶ «ስምንት ቪኤይት ከእኔ» አለ፤ ተጨበጨበለት። በሰርጉ ሳምንት አራት ሆኑ። ዋዜማው ላይ ስልኩ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ትል ጀመር። ጠዋት አንድ ቪትዝ ይዞ ደረሰ፤ በአበባ አስጊጦ ማምጣቱ ግን አይካድም።

«ሰው ምን ይላል» የሚሉት እትዬም አሉ። እንግዳ ይቀነስ ሲባል ሦስት ስም ይጨምራሉ። በብድር የተገዛው በሬ ዕዳ ሙሽሮቹን እስከ መስከረም ሲከተላቸው ሰው ምን እንዳለ ግን አይጠይቁም። ዲኮር አቅራቢውስ? ሙሽሮቹ መድረክ ብቻ ነው የፈለጉት፤ እሱ የጭስ ማሽን፣ የአረፋ ማሽን፣ ርችትና በባትሪ የሚሠራ ፏፏቴ ጨምሮ «ፓኬጅ ነው፣ አይነጣጠልም» ይላል። አይነጣጠልም! ትዳሩን እንዲህ አጥብቆ የሚያስተሳስር ሰው ብናገኝ ምን ነበረበት።

ከሁሉ በላይ ግን ምስጋናዬ ሙሽሪትን ላጽናኑት ነው። ልጅቷ አንድ ማታ ተቀምጣ የቀረውን ሥራ ሁሉ ደብተር ላይ ጻፈችው። ከዚያ መሰረዝ ጀመረች። ድሮኑን ሰረዘች፣ ሪባኑን ሰረዘች፣ ፏፏቴውን ሁለት ጊዜ ሰረዘች። መጨረሻ ላይ አራት ነገር ቀረ፤ ቀለበት፣ ካርድ፣ ምስክር፣ ምግብ። ከየፊታቸው ማን እንደሚሠራቸውና እስከ መቼ እንደሚያልቁ ጻፈች። ካርዱን ነገ ጠዋት እኔው ራሴ ማተሚያ ቤት አስገባለሁ አለች። ለምግቡ ቁርጥ ያለ የእንግዳ ቁጥር እስከ ዓርብ ለእናቶች ይነገር አለች። ቀለበቱን ለሙሽራው፣ ምስክሮቹን ለሚዜዎቹ ሰጠች። «እነዚህ ከተያዙ ሌላው ቢቀርም አይጎዳንም» ብላ ለኮሚቴው አነበበችው።

ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ድፍረት በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም። ሰብሳቢው ቀስ ብለው ተነሱ፣ ግንባሯን ሳሙ፣ «የእኔ ልጅ፣ አንቺ አትጨናነቂ፤ እኛ አለንልሽ» አሉ። ደብተሩን ከእጇ ተቀብለው ኮታቸው ኪስ ከተቱት። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ጉባኤው ወደ ቢራቢሮና ጽጌረዳ ተመለሰ።

ሰርጉ አለፈ፣ መልሱ አለፈ፣ ቅልቅሉም አለፈ። ኮሚቴው ግን አልፈረሰም። ሪፖርቱን አዳምጦ፣ ለራሱ አጨብጭቦ፣ ያካበተው ልምድ እንዳይባክን ራሱን ወደ ክርስትና ኮሚቴነት አሸጋግሯል። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ስለሚሆን ጸሐፊው ሁለት አማራጭ ዕቅድ እንዲያዘጋጅ ታዟል፤ መዋጮም ተጥሏል። ሙሽሮቹ እስካሁን አልሰሙም። ካርዱ ሲታተም ይደርሳቸዋል ተብሏል።