ለቀለም ብሩሽ የቀረበ ምስጋና

ያረጀ አፓርታማ በቀለም ብሩሽ ብቻ ቆሞ መኖር እንደሚችል ላስተማሩን የሕንጻ አስተዳዳሪዎች እስከ ዛሬ ተገቢው ምስጋና ሳይቀርብላቸው መቆየቱ ያሳፍራል። ቧንቧ ሲያፈስ ግድግዳ ፈልፍሎ፣ የተበላውን ቱቦ ለውጦ፣ መልሶ መምረግ ምን ያህል አድካሚ ነው! የእኛ ሰዎች ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ሲባል በዋዜማው አንድ ባልዲ ነጭ ቀለምና አንድ ቀለም ቀቢ ይዘው ይደርሳሉ፤ ሲነጋ ሕንጻው ታድሷል።

በመታጠቢያ ቤቴ ጣሪያ ላይ ያለውን እድፍ ለምስክርነት ላቅርብ። መጀመሪያ ሲታይ ዳሩ ቡናማ የሆነ፣ ሳንቲም የሚያህል ክብ ነበር። አመለከትኩ፤ ተቀባ። በሦስተኛው ሳምንት ሰፍቶ ተመለሰ፤ እንደገና አመለከትኩ፤ እንደገና ተቀባ። ባለፈው ሰሞን አንድ ቅርፋች ወድቆ አንስቼ ከጎኑ ባየው ነጭ፣ ክሬም፣ ነጭ፣ ግራጫ፣ ነጭ ሆኖ ተደራርቧል። ያቀረብኳቸው አቤቱታዎች በቅደም ተከተላቸው የተሰነዱበት ብቸኛው መዝገብ ይኸው ይመስለኛል፤ በቢሮው ያሉት እንደሆነ አንዳቸውም አልተገኙም።

በነገራችን ላይ፣ እርጥበት ባገኘ ግድግዳ ላይ ሻጋታ ለመብቀል ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይበቃዋል። አስተዳደሩ አንድን ማመልከቻ «አጥንቶ» ለመመለስ ወራት ስለሚፈጅበት፣ በሕንጻው ውስጥ ሥራውን በሰዓቱ የሚያከናውነው ሻጋታው ብቻ ነው። በላዩ ቢቀባበትም አይቀየምም፤ ውሃው እስካልተቋረጠበት ድረስ ከቀለሙ ሥር ሥራውን ይቀጥላል።

የበረንዳው ጥበብ ደግሞ ከዚህ ይልቃል። በኮንክሪት ውስጥ ያለ ፌሮ ሲዝግ ዝገቱ ከበላው ብረት ከ2 እስከ 6 እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ስለሚይዝ፣ የሸፈነውን ኮንክሪት ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ባለሙያ ቢጠየቅ የላላውን አራግፎ፣ ብረቱን አጽድቶ ወይም ተክቶ እንዲጠገን ያዝዝ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ስንጥቁ በስቱኮ ተደፍኖ ተቀብቷል፤ ከላይኛው በረንዳ የሚረግፈው ፍርካሽም ከዚያ ወዲህ በንጹሕ ነጭ ቀለም ተለብጦ ነው የሚወርድብን።

መብራት በጠፋ ቁጥር መጨቃጨቁም ቀርቷል። ፊውዝ የተሠራው ጭነት ሲበዛ ራሱ ቀልጦ ሽቦውን ከመጋል ለማዳን ነበር፤ አስተዳደራችን ይህን የፊውዝ ስንፍና ታግሶ ስላልቻለ በቦታው ወፍራም የመዳብ ሽቦ አሰረበት። እውነትም ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልጠፋብንም፤ ማታ ማታ ግድግዳው ለብ ይላል እንጂ።

እኛ ተከራዮችም ከምስጋናው ልንቀር አይገባም። ጎረቤቴ እማማ ከሚያፈስሰው ኮርኒሳቸው ሥር ባልዲ ካስቀመጡ ዓመት አልፏቸዋል፤ ለምን አብረን ፈርመን አናመለክትም ብላቸው፣ «ተው ልጄ፣ ሌላ ቤት ፈልጉ ቢሉንስ? ደግሞም ጠብ ጠብ ሲል እንቅልፍ ያመጣልኛል» አሉኝ። ጭስ ወደ ደረጃው እንዳይገባ በራሱ እንዲዘጋ የተሠራውን የእሳት መከላከያ በርም ሲወጡ ሲገቡ መግፋት ስለሰለቸን ከፍተን አስደግፈነዋል። ያስደገፍነው በእሳት ማጥፊያው ነው፤ የግፊት መለኪያው ቀስት ከአረንጓዴው ወደ ቀዩ ከወረደ ቆይቷልና ቢያንስ ለዚህ ጠቅሟል።

ተቆጣጣሪው ትናንት መጡ። በሩ ተዘግቶ፣ ማጥፊያው ቀስቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተሰቅሎ ጠበቃቸው። የኮሪደሩን ግድግዳ በጣታቸው ነካ ቢያደርጉት ጣታቸው ነጭ ሆነ። ጥቂት አዩት፤ ከዚያም በያዙት የአቤቱታ ፋይል ጀርባ ጠረጉትና «እድሳት ተደርጓል» ብለው ጻፉ።