«ለበጎ ነው» ማለት ይገባናልን?

ደጋፊ፦ ሐዘን የደረሰበትን ሰው «ለበጎ ነው» ብለን ስናጽናና ከልማድ ያለፈ ሐሳብ እየተናገርን ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒዝ በ1710 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እግዚአብሔር ሊፈጥራቸው ይችል ከነበሩት ዓለማት ሁሉ የሚሻለውን እንደ ፈጠረ ተከራክሯል። ልጇን አቅፋ ክትባት የምታስወጋ እናት የምታውቀውን ልጁ አያውቅም፤ እርሱ የሚያውቀው መርፌውን ብቻ ነው።

ተቃዋሚ፦ የተከበሩ ተከራካሪዬ፣ ክትባቱ የሚጠቅመው ያንኑ የተወጋውን ልጅ ነው። ጎረቤታችን የአራት ዓመት ልጇን ቀብራ በተመለሰች ዕለት ድንኳን ውስጥ ከጎኗ ተቀምጬ ነበር። አንዲት ለቀስተኛ «ለበጎ ነው፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ስትላት፣ እናቲቱ በነጠላዋ ጫፍ የያዘቻትን የልጁን ካልሲ ጠበቅ አድርጋ ጨበጠች እንጂ ቃል አልመለሰችም። በጎው ለማን ነው? ልጁ እንደ ሆነ የለም። ላይብኒዝ ከጻፈ ከ45 ዓመት በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 1 ቀን 1755፣ የፖርቱጋል ዋና ከተማ ሊዝበን የቅዱሳን ሁሉ በዓል ስታከብር በምድር መንቀጥቀጥ ፈረሰች፤ አብያተ ክርስቲያናቱ በምእመናን ተሞልተው ነበር፤ ከፍርስራሽ አምልጠው ወደ ወንዙ ዳር ከሸሹት ብዙዎቹን ደግሞ ባሕሩ ተነሥቶ ወሰዳቸው።

ደጋፊ፦ ፈላስፋው ሩሶ ስለዚሁ የሊዝበን ጥፋት በ1756 ለፈረንሳዊው ጸሐፊ ለቮልቴር በጻፈው ደብዳቤ፣ ስድስትና ሰባት ፎቅ ያላቸውን ቤቶች በአንድ ስፍራ ያጨናነቀው ሰው እንጂ ተፈጥሮ አይደለም ብሏል። ነጻ ፈቃድ የተሰጠው ፍጡር መሳሳቱ አይቀርም፤ የማይሳሳት ሰው ከተፈለገ ነጻነቱ ሊቀር ነው። እኔ ነጻነቱን እመርጣለሁ።

ተቃዋሚ፦ እንግዲያው «ለበጎ ነው» ማለትዎን ትተዋል። የሰው ጥፋት ከሆነ በደል ነው፤ በደል ደግሞ ይወቀሳል፣ ይታረማል። ለበጎ የሆነውን ግን ማን ያርመዋል? ሁለቱን በአንድ አፍ መናገር አይቻልም፤ አጥፊውም የሚሸሸገው በዚህች ቃል ጥላ ሥር ነው።

ደጋፊ፦ ይህን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ሐዘንተኛዋ ራሷ «ለበጎ ነው» ብትልስ? ብዙ እናቶች በዚህች ቃል ቆመው ውለዋል።

ተቃዋሚ፦ እርሷ ስትለው አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ፤ የራሷ ጸሎት ነውና። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እግዚአብሔር የተቆጣቸው አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት ማስረዳት ከጀመሩ በኋላ በተናገሩት ነው። እኔም በዚያ ድንኳን ያደረግሁት ንፍሮውን ተቀብዬ ከጎኗ መቆየት ብቻ ነበር።